ያለ ሞተር የሚበረርበት ተራራ
አሮጌውና አዲሱ ግላይደር በቫሰርኩፔ

በጀርመን አገር መካከል፣ ከፉልዳ ከተማ በስተምሥራቅ፣ ሮን የሚባል የተራራ ሰንሰለት አለ። ከሰንሰለቱ ሁሉ ከፍ የሚለው ቫሰርኩፔ ሲሆን፣ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 950 ሜትር ነው። በደጋ ለተወለደ ኢትዮጵያዊ ይህ ቍጥር ተራራ የሚያሰኝ አይደለም፤ አዲስ አበባ ራሷ ከዚህ ከእጥፍ በላይ ከፍ ብላ ተቀምጣለች። ነገር ግን የተራራ ዝና በቁመቱ ብቻ አይለካም። የሰው ልጅ ያለ ሞተር፣ በነፋስ ኀይል ብቻ፣ ለደቂቃዎች ሳይሆን ለሰዓቶች በአየር ላይ መቆየትን የተማረው በዚህ ጉብታ ላይ ነው።

ወደዚያ የሚሄድ ተጓዥ ከፉልዳ በትንሹ ባቡር ተሳፍሮ እስከ ጌርስፌልድ ይደርሳል፤ ከዚያ በመኪና ወይም በእግሩ ሽቅብ ይወጣል። መንገዱ በግጦሽ መስክና በደን መካከል ይጠማዘዛል። ወደ ጫፉ ሲቀርቡ ግን ዛፉ ያልቃል። በቀድሞ ዘመን ገበሬዎች ደኑን መንጥረው የከብት ማሰማሪያ ስላደረጉት የተራራው ራስ ገላጣ ነው፤ በላዩ ለቆመ ሰው በአራቱም ማዕዘን ዐይኑን የሚጋርድበት ነገር የለም። የፉልዳ ወንዝ የሚመነጨውም ከዚሁ ተራራ ጐን ነው። ጫፉ ላይ ከሩቅ የሚታይ አንድ ትልቅ ነጭ ድቡልቡል ሕንፃ አለ። ይህ በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን የምሥራቁን ሰማይ ይጠብቅ የነበረ የራዳር መሸፈኛ ነው፤ ዛሬ ራዳሩ ሥራውን ትቷል፤ ሕንፃውም የጐብኚዎች መመልከቻ ሆኗል። ከእርሱ ዝቅ ብሎ የአይሮፕላን ማረፊያ ሜዳ፣ የበረራ ትምህርት ቤትና የግላይደር ሙዚየም ይገኛሉ።

ዛፍ የሌለው ተዳፋት ለበረራ ትልቅ ጸጋ ነው። ነፋስ ተዳፋቱን ሲመታ ሌላ መሄጃ ስለሌለው ሽቅብ ይወጣል፤ ክንፉን የዘረጋ ነገርም በዚያ ሽቅብ በሚወጣ አየር ላይ ተንሳፍፎ ለመቆየት ይችላል። ይህን የአካባቢው ጭልፊቶች ከሰው በፊት ያውቁት ነበር።

የተማሪዎች ተራራ

ለመብረር ብለው በመጀመሪያ ወደ ቫሰርኩፔ የወጡት የዳርምሽታት ከተማ ተማሪዎች ናቸው። ጊዜው 1911 ነበር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ልጆቹ በእንጨትና በጨርቅ በገዛ እጃቸው የሠሯቸውን ክንፎች ይዘው መጡ። በሚከተለው ዓመት ከመካከላቸው ሐንስ ጉተርሙት የተባለው 838 ሜትር በረረ። ርቀቱ ዛሬ የእግር መንገድ ቢመስልም በዚያን ጊዜ አገር ያስደነቀ ነገር ነበር።

ቀጥሎ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣ። ጀርመን ተሸነፈች፤ በ1919 የተፈረመው የቬርሳይ ውልም የጦር አየር ኀይል እንዳይኖራት ከለከላት፤ ሞተር ያላቸውን አይሮፕላኖች መሥራትም ለጊዜው ተከለከለ። ይሁን እንጂ ክልከላው በሞተር ላይ እንጂ በነፋስ ላይ አልነበረም። ኦስካር ኡርሲኑስ የተባለ መሐንዲስ በዚያን ጊዜ «ፍሉግሽፖርት» የተባለ የበረራ መጽሔት አዘጋጅ ነበር። በመጽሔቱ ገጽ ላይ ጥሪ አስተላልፎ፣ በ1920 የመጀመሪያውን የሞተር አልባ አይሮፕላን ውድድር በቫሰርኩፔ ላይ አሰባሰበ። በዚያ ውድድር ቮልፍጋንግ ክሌምፐረር የተባለው ወጣት 1830 ሜትር በ2 ደቂቃ ከ22 ሰኮንድ በረረ። በዚያው ውድድር ላይ ኦይገን ፎን ሎስል የተባለ አብራሪ ወድቆ ሞተ። ስለዚህ ይህ ስፖርት ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ደስታውንም ኀዘኑንም አሳይቷል።

ሁለት ዓመት ቆይቶ የሐኖቨር የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ተማሪዎች «ቫምፒር» ብለው የሰየሙትን ግላይደር ይዘው መጡ። በነሐሴ 1922 አርቱር ማርተንስ በዚህ ግላይደር ከአንድ ሰዓት በላይ በአየር ላይ ቆየ፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ደግሞ ጓደኛው ፍሪድሪክ ሄንትሰን ያንኑ ግላይደር ይዞ ከሦስት ሰዓት በላይ ቆየ። ከዚያ ቀን በኋላ ግላይደር ከቁልቁለት ላይ የሚንሸራተት መጫወቻ መሆኑ ቀረ።

ይህ ሲባል ግን የተራራው ታሪክ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ከ1933 በኋላ ሥልጣን የያዘው የናዚ መንግሥት የወጣቶቹን ፍቅር ለራሱ ዓላማ አዋለው፤ ብዙ ወጣቶች በግላይደር የጀመሩትን ትምህርት በጦር አይሮፕላን ጨረሱት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሸናፊዎቹ መንግሥታት በጀርመን ማንኛውንም በረራ ከለከሉ፤ በምዕራብ ጀርመን ግላይደር እንደገና የተፈቀደው በ1951 ነው።

አንድ ሜትር ሲከፈል ስንት ሜትር ይገኛል?

ስለ አሮጌውና ስለ አዲሱ ከመነጋገራችን በፊት አንድ ነገር መረዳት ያስፈልጋል። ሞተር የሌለው አይሮፕላን ሁልጊዜ ይወርዳል። በአየር ውስጥ ወደ ፊት የሚሄደው ከፍታውን እየከፈለ ነው፤ ቁልቁለት ላይ የተለቀቀች ብስክሌት ያለ መርገጫ እንደምትሄድ ማለት ነው። ሽቅብ የሚወጣው በዙሪያው ያለው አየር ራሱ ከግላይደሩ አወራረድ ፈጥኖ ሲወጣ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ አየር በሦስት ቦታ ይገኛል፦ ነፋስ ተራራ በሚመታበት ተዳፋት ላይ፣ ፀሐይ ያሞቀችው አየር ከመሬት እየተላቀቀ በሚወጣበት ቦታ፣ እንዲሁም ነፋስ ትልቅ ተራራ ዘሎ ከበስተኋላው እንደ ማዕበል በሚወዛወዝበት ሰማይ ላይ።

እንግዲህ የአንድ ግላይደር ዋና መለኪያ፣ አንድ ሜትር ከፍታ ሲከፍል ስንት ሜትር ወደ ፊት ይሄዳል የሚለው ነው። 1 ሜትር ከፍሎ 10 ሜትር የሚሄድ ከሆነ የመንሸራተት ልኩ 10 ነው ይባላል። 

ይህን ቍጥር ከምናውቀው ነገር ጋራ ማስተያየት ይቻላል። በአገራችን ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ሰው፣ ጥንብ አንሳ አንድ ጊዜ እንኳ ክንፉን ሳያራግብ ክብ እየሠራ ከዐይን እስኪሰወር ሲወጣ ያያል። ኮሊን ፔኒኩዊክ የተባለው እንግሊዛዊ የአዕዋፍ በረራ ተመራማሪ በታንዛኒያ በሴሬንጌቲ ሜዳ ላይ በግላይደር ሆኖ ጥንብ አንሳዎችን ይከተል ነበር። የተቀመጠባት ባለ ትንሽ ሞተር ግላይደር የተሠራችው ከቫሰርኩፔ ግርጌ ባለችው በፖፐንሐውዘን መንደር ነው። ነጭ ጀርባ ያለው ጥንብ አንሳ፣ በእኛም አገር የሚገኘው ማለት ነው፣ የመንሸራተት ልኩ 15 ገደማ ሆኖ አገኘው። ይህን 15 የሚለውን ቍጥር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ የሰው ሥራ ከወፉ በታች የነበረበትንና ከወፉ ያለፈበትን ጊዜ ያሳየናል።

ጎትቱ! ሩጡ! ልቀቁ!

በተራራው ላይ ያለው ሙዚየም ውስጥ የሚገባ ጐብኚ በመጀመሪያ የሚደነቀው በአሮጌዎቹ ቀላልነት ነው። ኤስ ጌ 38 የምትባለውና በ1938 የወጣችው የማስተማሪያ ግላይደር ቤት የላትም፣ መስተዋት የላትም። ክንፍ፣ የእንጨት ፍሬም፣ ጅራትና አንድ መቀመጫ ብቻ ነች። ተማሪው ከፊት ለፊት እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል፤ ከእርሱ በፊት ያለው አየር ብቻ ነው። የመንሸራተት ልኳ 10 ነው፤ ከጥንብ አንሳው በብዙ ታንሳለች። አስተማሪ አብሮ የሚቀመጥበት ቦታም ስለሌላት ተማሪው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ብቻውን ነበር።

አነሣሷም የብዙ ሰው ሥራ ነበር። በአፍንጫዋ ላይ የላስቲክ ገመድ ይታሰራል፤ የገመዱን ሁለት ጫፎች የያዙ ጓደኞች ቁልቁለቱን ይዘው በሁለት ወገን ይቆማሉ፤ ሌሎች ደግሞ ጅራቷን አጥብቀው ይይዛሉ። አንዱ ያዛል፦ «ጎትቱ!» ላስቲኩ ይወጠራል። «ሩጡ!» ጐታቾቹ ቁልቁል ይሮጣሉ። «ልቀቁ!» ጅራት የያዙት ይለቃሉ፤ ግላይደሯም ከወንጭፍ እንደ ወጣ ድንጋይ ትወረወራለች። ለመጀመሪያው የችሎታ ምልክት 30 ሰኮንድ፣ ለሁለተኛው 60 ሰኮንድ በአየር ላይ መቆየት ይበቃ ነበር። ከዚያም ሁሉም ተሰብስበው ግላይደሯን ሽቅብ ጐትተው ይመልሷታል። ለግማሽ ደቂቃ በረራ የግማሽ ሰዓት ላብ ማለት ነው።

ከእርሷ ከፍ ያለችው «ግሩናው ቤቢ» ነበረች። ኤድሙንት ሽናይደር በ1931 የሠራት ይህች ግላይደር በሺሕ የሚቈጠሩ እኅቶች ተሠርተውላት በብዙ አገር በርራለች። የመንሸራተት ልኳ 17 ነው። እንግዲህ ይህች ጥንብ አንሳውን በጥቂቱ ታልፈዋለች። ፍጥነቷ አነስተኛ ስለ ሆነ አብራሪው ፊቱ ላይ ነፋሱ ይመታዋል፤ የሣር መታጨድ፣ የጢስና የዝናብ ሽታ ሳይቀር ይደርሰዋል።

በዚያ ዘመን ሩቅ መሄድ ብዙ ጊዜ ከዕቅድ ይልቅ ከዕድል የሚመጣ ነበር። በ1926 ማክስ ኬግል የተባለ አብራሪ በቫሰርኩፔ ውድድር ላይ ሳለ የነጐድጓድ ደመና ወደ ውስጡ ሳበው፤ ወዶ ሳይሆን ተገዶ ወጣ፤ ሲወርድም ራሱን 55 ኪሎ ሜትር ርቆ አገኘው። ጓደኞቹ ከዚያ ወዲያ «የነጐድጓዱ ማክስ» ብለው ጠሩት።

አንድ ዓመት፣ ሁለት መንገድ

ከተራራው በስተምዕራብ ወርደው ወደ ፖፐንሐውዘን ሲደርሱ፣ አሌክሳንደር ሽላይኸር በ1927 የመሠረተውን የግላይደር ፋብሪካ ያገኛሉ። በዓለም ላይ ካሉት የግላይደር ፋብሪካዎች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው ይህ ነው።

1957 በዚህ ታሪክ ውስጥ ልዩ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት መሐንዲሱ ሩዶልፍ ካይዘር የነደፋት «ካ 8» የተባለች ግላይደር ከዚህ ፋብሪካ ወጥታ በረረች። አካሏ ከተበየደ የብረት ቱቦ፣ ክንፏ ከእንጨትና ከኮምፔንሳቶ፣ ልብሷም እንደ አቡጀዲ ተወጥሮ ቀለም ከተቀባ ጨርቅ ነው። የመንሸራተት ልኳ 27 ነው። አንዲት የአናጢ ሱቅና ጥሩ ዐይን ያለው ሰው ሊጠግናት ይችላል። ከአንድ ሺሕ በላይ ተሠርታለች፤ እስከ ዛሬም በብዙ ክበቦች ውስጥ ወጣቶች ብቻቸውን ሲበሩ መጀመሪያ የሚቀመጡባት እርሷ ናት።

በዚያው ዓመት ደግሞ የሽቱትጋርት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «ፎኒክስ» የተባለ ግላይደር አበረሩ። ይህኛው የተሠራው በእንጨት ሳይሆን በፋይበር ግላስ ነበር፤ በዓለምም የመጀመሪያው ነው። የመንሸራተት ልኩ ወደ 40 ይጠጋ ነበር። ምሥጢሩ ከለስላሳነቱ ነው። በክንፍ ላይ የሚያልፍ አየር ትንሽ ጉብታ ሲያገኝ ይረበሻል፤ የተረበሸ አየርም ክንፉን ወደ ኋላ ይይዘዋል። እንጨት በእርጥበት ያብጣል፣ በድርቅ ይኰማተራል፤ ጨርቅም በአጥንቶቹ መካከል ይረግባል። ፋይበር ግላስ ግን ከቅርጹ እንደ ወጣ ለስልሶ ይቆያል።

እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ አሮጌው መንገድ እጅግ ያማረ ልጁን ወለደ፤ አዲሱ መንገድም የመጀመሪያ ልጁን ወለደ። የኋላ ኋላ የካርቦን ክር ተጨመረ፤ ክንፎችም ረዘሙ፣ ቀጠኑ። ከዚሁ ከፖፐንሐውዘን ፋብሪካ የወጣው «ኤ ኤስ ጌ 29» ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 18 ሜትር ሲሆን የመንሸራተት ልኩ 52 ገደማ ነው። «ኤታ» የተባለው፣ ክንፉ ከ30 ሜትር የሚበልጠው ግዙፍ ግላይደር ደግሞ 70 ይደርሳል። ጥንብ አንሳው በ15 ቀርቷል።

ሁለቱ በአንድ ሰማይ ላይ

አሁን ሁለቱን በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰማይ ላይ እንያቸው። ካ 8ና ኤ ኤስ ጌ 29 ሁለቱም 1000 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው እንበል። ነፋስ በሌለበት አየር ካ 8 መሬት እስክትነካ 27 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፤ አዲሱ 52። ልዩነቱ እጥፍ ያህል ነው።

ነፋስ ከፊት ሲመጣ ግን ነገሩ ይከፋል። ካ 8 በደኅና የምትንሸራተተው በሰዓት 73 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄድ ነው። ከፊቷ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ቢገጥማት፣ ከመሬት አንጻር የሚተርፋት 43 ብቻ ነው፤ 27 ኪሎ ሜትሩም ወደ 16 ይወርዳል። አዲሱ በ110 ቢሄድ 80 ይተርፈዋል፤ 52ቱም ወደ 38 ይወርዳል። እንደሚባለው ሁሉ፣ ላለው ይጨመርለታል፤ ከሌለው ላይ ያው ነፋስ ይወስድበታል። የአሮጌ ግላይደር አብራሪ ነፋስን ተከትሎ ሲሄድ ደስ ይለዋል፤ መመለሱን ሲያስብ ግን ፊቱ ይለዋወጣል።

ሆኖም ሰማይ ለደካማው ያስቀመጠለት አንድ ዕድል አለ። የሞቀ አየር ዐምድ ጠባብና ደካማ በሆነበት ቀን፣ ትንሽ ክብ ሠርቶ በመካከሉ መዞር የሚችል ይጠቀማል። ካ 8 በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር፣ በ30 ዲግሪ ተጋድማ ስትዞር፣ ከክቡ መካከል እስከ ዳሩ 58 ሜትር ያህል ይበቃታል። በክንፉ ውስጥ ውሃ ተሞልቶ የከበደው አዲሱ ግላይደር በ100 ኪሎ ሜትር ሲዞር፣ በዚያው ማጋደል 136 ሜትር ያስፈልገዋል። ስለዚህ ጧት ፀሐይ ገና ስትሞቅና ማታ ስትደክም፣ ውድ የሆነው ነጭ ግላይደር ዳር ዳሩን ሲዞር፣ አሮጌዪቱ በመካከሉ ገብታ ከበላዩ የምትወጣበት ጊዜ አለ። በሰማይ ላይ ይህን ያየ ሰው ማዕርግን በዋጋ ብቻ አይለካም።

ነገር ግን ከፍታው ከተያዘ በኋላ አዲሱ አፍንጫውን ዘንበል አድርጎ ይሄዳል፤ እኩያነቱም እዚያ ላይ ያበቃል። በጥሩ የበጋ ቀን ካ 8 በሰዓት በአማካይ ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙም አትዘልም፤ አዲሱ ከ100 በላይ ይሄዳል። በስድስት ሰዓት ውስጥ አንዱ 300፣ ሌላው ከ600 በላይ ማለት ነው። በሚያዝያ 1972 ሐንስ ቬርነር ግሮሰ ከፖፐንሐውዘን በወጣው «ኤ ኤስ ቬ 12» ተቀምጦ ከሰሜን ጀርመን ከሉቤክ ተነሣ፤ በአንድ ቀን ውስጥ ፈረንሳይን አቋርጦ ቢያሪትስ ሲያርፍ 1460 ኪሎ ሜትር በርሯል። ክላውስ ኦልማን በ2003 በአርጀንቲና በአንዲስ ተራሮች ማዕበል ላይ 3000 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደ። በ2018 ደግሞ «ፐርላን 2» የተባለው ግላይደር ሁለት ሰዎችን ይዞ በዚያው በአርጀንቲና ሰማይ ከ22000 ሜትር በላይ ወጣ። በአቡጀዲና በኮምፔንሳቶ ይህን ማድረግ አይቻልም።

ማረፍና መመለስ

የሁለቱ ልዩነት ከሰማይ ይልቅ በመሬት ላይ ይበልጥ ይታያል። የአሮጌ ግላይደር አብራሪ የሞቀ አየር ሲያጣ ብዙ ጊዜ የለውም። ገና ከመነሣቱ ጀምሮ ከበታቹ ያለውን መስክ ሁሉ ይመረምራል፦ ይህኛው ታርሷል፤ ያኛው የከብት አጥር አለበት፤ ያ ወዲያ ያለው ታጭዷልና ይበቃል። ቀስ ብሎ ስለሚበር ትንሽ መስክ ይበቃዋል። ካረፈ በኋላም የመስኩን ገበሬ ሰላም ብሎ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ ጓደኞቹ ተጐታች ጋሪ ይዘው እስኪመጡ ይጠብቃል። በዚህ ምክንያት የድሮ አብራሪዎች የአውራጃቸውን ገበሬዎችና የገበሬዎቹን ውሾች ሳይቀር ያውቁ ነበር።

የአዲሱ አብራሪ ከላይ ሆኖ ሰፊ ምርጫ አለው፤ 1000 ሜትር ከፍታ ሲቀረው ሁለት ሦስት የአይሮፕላን ማረፊያ ሜዳዎች በክልሉ ውስጥ ናቸው። ብዙዎቹ አዳዲስ ግላይደሮችም በጀርባቸው የሚታጠፍ ትንሽ ሞተር አላቸው፤ ሲቸገሩ ያስነሡትና ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ይህ ትልቅ ምቾት ነው። ነገር ግን የራሱ አደጋ አለው፤ ሞተሩ ይነሣል ብሎ ተማምኖ ከመስክ የራቀ ሰው፣ ሞተሩ እንቢ ባለ ጊዜ የሚያርፍበት ቦታ ያጣል። ከባድና ፈጣን ግላይደርም በጠባብ መስክ ላይ አይራራም።

አሮጌውም ቢሆን ያለ ነቀፋ አይደለም። እንጨት የሚያያይዘው ሙጫ በዘመን ብዛት ይለቃል፤ መለቀቁም ከውጭ አይታይም። ስለዚህ አሮጌ ግላይደር የሚያበር ክበብ በየክረምቱ ጨርቁን እየገለጠ ውስጡን ይመረምራል። «ድሮ ሁሉ ደኅና ነበር» የሚሉ ሰዎች ይህን ሥራ አንድ ክረምት ቢሠሩት አባባላቸውን ያሻሽሉ ነበር።

የቱ ይሻላል?

ይህ ጥያቄ በቫሰርኩፔ ላይ ማታ ማታ ከሚነሡ ክርክሮች አንዱ ነው። የአሮጌዎቹ ወዳጆች ክበብ አላቸው፤ ኤስ ጌ 38ን የመሰሉትን እስከ ዛሬ በላስቲክ ገመድ ያስነሣሉ። የእነርሱ ክርክር አጭር ነው፦ 50 ኪሎ ሜትር በግሩናው ቤቢ የሄደ ሰው እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር ራሱ አግኝቶታል፤ በኤታ የተቀመጠ ሰው ግን ከ1000 ሜትር ላይ መሪውን ይዞ ዝም ቢል እንኳ 70 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። የአዲሶቹ ወዳጆችም መልስ አላቸው፦ ጥሩ መሣሪያ ሥራን አያቀልም፤ ሥራውን ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። 1000 ኪሎ ሜትር ለመብረር የተነሣ ሰው የሦስት አገር አየር ጠባይ አስቀድሞ ማጥናት፣ ከ8 ሰዓት በላይ ሳይዘናጋ መወሰን አለበት። በካ 8 አንድ ስሕተት መስክ ላይ ያሳርፋል፤ በአዲሱ ደግሞ አንድ ስሕተት የጧቱን ልፋት ሁሉ ያበላሻል።

የጀርመን የውድድር አዘጋጆች ክርክሩን በሒሳብ ለመፍታት ሞክረዋል። ለእያንዳንዱ ዐይነት ግላይደር እንደ ብቃቱ አንድ ቍጥር ይሰጡታል፤ የተበረረው ርቀት በዚያ ቍጥር ይካፈላል። በዚህ መንገድ 300 ኪሎ ሜትር በካ 8 የበረረ ተማሪ፣ በውድ ግላይደር 400 ከበረረ ሐኪም ሊበልጥ ይችላል። ሥርዓቱ እንከን የለውም ባይባልም አሳቡ ትክክል ነው፦ ሰው የሚመዘነው በደረሰበት ቦታ ብቻ ሳይሆን በያዘውም መሣሪያ ነው።

ዋጋቸውን ብናስተያይ ያገለገለች ካ 8 በአሮጌ መኪና ዋጋ ትገኛለች፤ አዲስ ባለ 18 ሜትር ግላይደር ግን የቤት ዋጋ ያወጣል። ደመወዙ ትንሽ የሆነ ሰው ምርጫው የቱ እንደሆነ ግልጽ ነው። ክበቦቹ ይህን በማኅበር ይፈቱታል። አባሉ በክረምት በጋራ ሱቅ ውስጥ እንጨት እየላገ፣ ቀለም እየቀባ የሥራ ሰዓቱን ይሞላል፤ በበጋ አንዱ ገመድ የሚጠቀልለውን ሞተር ይነዳል፣ አንዱ ክንፍ ይዞ ይሮጣል፣ አንዱ ይበራል፤ ተራ ተራ ነው። እዚህ ላይ ሞተር ያለው አዲሱ ግላይደር አንድ ነገር ያጐድላል፤ ባለቤቱ ብቻውን መጥቶ፣ ብቻውን ተነሥቶ፣ ብቻውን መሄድ ይችላልና።

በእኛ አስተያየት ግን ተራራው ራሱ የሚሰጠው መልስ ከሁለቱም ወገን ክርክር ይሻላል። የዳርምሽታት ልጆች 838 ሜትር የበረረውን የሠሩት ደካማ መሣሪያ ስለሚወዱ አልነበረም፤ የነበራቸው እንጨትና ጨርቅ ስለ ነበር ነው። የሐኖቨር ተማሪዎች ያንን አይተው የተሻለ ሠሩ። የሽቱትጋርት ተማሪዎች ደግሞ በእንጨት ክንፍ ላይ ብዙ ጊዜ ቆይተው፣ አየሩ የሚረበሽበትን ቦታ ስላወቁት ነው ወደ ፋይበር ግላስ የሄዱት። አዲሱን የፈጠሩት አሮጌውን የናቁ ሰዎች ሳይሆኑ፣ ጕድለቱን በገዛ ሰውነታቸው የለኩ ሰዎች ናቸው። በደካማ ግላይደር መብረር የሚሰጠው ትልቅ ጥቅምም ይህ ነው። የመንሸራተት ልኩ 27 ሲሆን፣ አብራሪው ከደመናው ቅርጽ፣ ከማሳው ቀለም፣ ከሚዞረው ጭልፊት ሳይጠይቅ አንድ ኪሎ ሜትር መሄድ አይችልም። ይህን የተማረ ሰው 52 ሲሰጠው የት እንደሚያውለው ያውቃል። ሳይማረው 52 የተሰጠው ሰው ደግሞ ርቀቱን ያገኛል፤ ሰማዩን ግን ሳያውቀው ያልፈዋል።

የሁለቱን ዝምድና የሚያሳይ አንድ ትንሽ ነገር አለ። በአዲሱ ግላይደር ውስጥ የሚቀመጥ አብራሪ ከፊቱ ሳተላይት የሚመራው ካርታ፣ የአየሩን መውጣትና መውረድ በድምፅ የሚነግረው መሣሪያና ወደ ቤት መድረስ አለመድረሱን የሚያሰላ ኮምፒውተር አለው። ከዚያ ሁሉ በላይ፣ በመስተዋቱ ሽፋን ላይ፣ ልክ ከዐይኑ ፊት፣ አንድ ጣት የምታህል ቀይ የሱፍ ክር ተለጥፋለች። ግላይደሩ ወደ ጐን ሲንሸራተት ክሯ ወደ ጐን ትዞራለች፤ አካሄዱ ሲቃና ቀጥ ትላለች። በካ 8 ላይም ያለችው ያችው ክር ናት። ዋጋዋ ከምንም አይቈጠርም፤ እስከ ዛሬ ግን በአብራሪው ዐይን ፊት ከእርሷ የተሻለ ነገር ሊያስቀምጥ የቻለ የለም።